ሰው ሰራሽ ዲስክ፦ የሚወራው እና እውነታው

የአክስቴ ልጅ ባለፈው የኤምአርአይ ፊልሙን በፖስታ ይዞ መጣ፣ ወገቡን ሁለት ወር ሙሉ አሞታል፣ ግማሹ ቤተሰብ ህንድ ልከን ዲስኩን፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለውን ትራስ መሰል ነገር፣ በሰው ሰራሽ እናስቀይረው ብሎ ብር ማዋጣት ጀምሯል ግማሹ ደግሞ ልጁን ሽባ ልታደርጉት ነው እያለ ያለቅሳል። ስለዚህ የሚባለውን አንድ በአንድ ልመልስ፣ አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

«ገና ሙከራ ላይ ያለ ነገር ነው»
አይደለም። ቻሪቴ የሚባለው ዲስክ በርሊን ውስጥ ሰው ላይ የገባው በ1984 ነው። ከሰሩት ሁለት ሀኪሞች አንዷ ካሪን ቡትነር ያንዝ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ በጂምናስቲክ 2 ወርቅ የወሰደች ሴት ናት፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። የአሜሪካው የመድሀኒትና የህክምና እቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም የወገቡን በ2004 የአንገቱን በ2007 ፈቅዷል።

«ወገብ በቢላ ከተነካ ሽባ መሆን አይቀርም»
ሰው ጀርባ የሚቀደድ ይመስለዋል፣ የወገብ ዲስክ ሲቀየር ግን ሀኪሙ የሚገባው በሆድ በኩል ነው፣ ነርቮቹ ከኋላ ስላሉ እነሱን ገፍቶ ማለፍ የለበትም፣ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ አብዛኛው ሰው ላይ ከእምብርት ከፍ ብሎ ነው የሚያበቃው። ነርቭ በጭራሽ አይጎዳም እያልኩ አይደለም፣ ግን ብዙ አያጋጥምም። እኔ ብሆን ይበልጥ የምጠይቀው ከፊት ስላሉት ትላልቅ የደም ስሮች ነው፣ ለዛም ነው ብዙ ቦታ የደም ስር ሰርጀን አብሮ የሚገባው። ወንድ ላይ ደግሞ ዘር ወደ ፊኛ የመመለስ ችግር ሊመጣ ይችላል፣ ልጅ መውለድ የሚፈልግ ሰው ሳያፍር ቀድሞ ይጠይቅ።

«ከፊውዥን ሁሌም ይሻላል»
ፊውዥን ሁለቱን አጥንት አጣብቆ አንድ ማድረግ ነው። አንገት ላይ እስከ 10 አመት የተከታተሉ ጥናቶች አሉ፣ በተለይ ሁለት ዲስክ የተቀየረላቸው ሰዎች ድጋሚ ኦፕሬሽን የገቡት ከፊውዥኖቹ ያነሰ ነው። ወገብ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ደግሞ አንዳንዴ ዙሪያውን አጥንት በቅሎበት ዲስኩ መንቀሳቀስ ያቆማል።

«ብር ካለ ማንም ያስገባዋል»
አጥንቱ የሳሳ ሰው ላይ የሰው ሰራሹ ዲስክ ብረት ጭቃ ላይ እንደቆመ የወንበር እግር ይሰምጣል። ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካለቁ ወይ አጥንቱ ራሱ ከቦታው ከተንሸራተተም አይሆንም። አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው በዋናነት የአረጋውያን የመንግስት የጤና መድን ከ60 አመት በላይ ለሆነ ሰው የወገቡን እንደማይከፍል የወሰነው በ2007 ነው።

«ኤምአርአይ ላይ ዲስክ ከታየ ኦፕሬሽን ነው»
የኛ ቤት ስህተት ይሄ ነበር። በ2015 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 አመት ልጆች 37 በመቶው ላይ ያረጀ ዲስክ አግኝቷል! የተንሸራተተ ዲስክም አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይ በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቢላ ይሻለዋል፣ ልጃችንም አሁን ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው። ሽንት እምቢ ካለ፣ በሁለቱ እግሮች መሀል ብልት አካባቢ ከደነዘዘ ወይ እግር እየከዳ ከሄደ ግን ወጌሻ ጋ ለመታሸት ሳይሆን በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።