የፓርቲ ስም መዝለል ምንድን ነው?

ባለሥልጣን በሙስና ተያዘ የሚል ዜና ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ውስጥ ሲሰማ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ወገን ነው?» ነው። ስንት ብር በላ የሚለው ኋላ ይደርሳል። አሜሪካኖችም ከዚህ አይለዩም። እንዲያውም ነገሩን የጥያቄና መልስ ጨዋታ አስመስለው «ፓርቲውን ጥራ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ቀልዱ ከአንድ ክስ የመጣ ነው። ፖለቲከኛ ሲዋረድ ዘገባው ስሙንና ሥልጣኑን ይናገራል፤ ፓርቲውን ግን ይዘለዋል፣ ወይም ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ይወሽቀዋል። የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ሲያጠፋ ግን ፓርቲው ርዕሱ ላይ ጉብ ይላል። እዚያ አገር ከሕግ አውጪ ስም ቀጥሎ የፓርቲውን ፊደል (ለዴሞክራት D፣ ለሪፐብሊካን R) መጻፍ የተለመደ ስለሆነ፣ የቀረች እንደሆነ ቶሎ ታስታውቃለች።

አብዝተው የሚከሱት ወግ አጥባቂዎች ናቸው። ትልልቆቹ ሚዲያዎች ለዴሞክራቶች ያደላሉ ባይ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የኒውዮርኩ አገረ ገዥ ኤልየት ስፒትዘር ከሴተኛ አዳሪ ጋር በተያያዘ ቅሌት ሥልጣን ሲለቅ ይህ ሙግት ተነሳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኢሊኖዩ አገረ ገዥ ሮድ ብላጎየቪች በሙስና ተጠርጥሮ ሲታሰርም ተደገመ። ሁለቱም ዴሞክራቶች ነበሩ። ሌላው ወገንም የሚያነሳው አያጣም። በ2006 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳው ሪፐብሊካን የምክር ቤት አባል ማርክ ፎሊ በምክር ቤቱ ለሚላላኩ ታዳጊዎች በላከው ነውረኛ መልእክት ሲጋለጥ፣ ለሪፐብሊካኖች ያደላል የሚባለው ፎክስ ኒውስ ስክሪኑ ላይ ዴሞክራት አድርጎ ጻፈው!

ታዲያ አድልዎ አለ? አንድ ዘገባ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የከተማው ሰው ሁሉ ፓርቲውን የሚያውቀው ከንቲባ ከሆነ፣ የከተማው ጋዜጣ ሳይጽፈው ቢቀር አይገርመኝም። በዚያ ላይ አንባቢውም ንጹሕ ዳኛ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ጥናት፣ በ1982 ቤይሩት ውስጥ በፍልስጤም ስደተኞች ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ የሚመለከት አንድ ዓይነት ዜና ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለአረብ ደጋፊዎች አሳይቶ ነበር። ሁለቱም «በእኛ ላይ ያዳላ ነው» አሉ። ዜናው ያው ነው! የራሳችን ሰው ፓርቲ ሲጠራ ያመናል፣ የሌላው ሲዘለል ደግሞ እንቆጥራለን። በትክክል የተዘገበውን ማን ያስታውሳል?

ጎጃም ላይ ግን ጨዋታው መልኩን ይቀይራል። ለረጅም ዘመን ከዞን እስከ ቀበሌ ወንበሩን የያዘው አንድ ፓርቲ ነበር። ብአዴን በ2011 ዓ.ም. አዴፓ ተባለ፣ በ2012 ብልጽግና ውስጥ ገባ። ሁሉም የአንድ ቤት ሰው ከሆነ ፓርቲውን መጥራት አዲስ ነገር አይነግርም። ስለዚህ የእኛ ሰው ጆሮውን የሚያቆመው ሌላ ቦታ ነው። ድልድይ ሲመረቅ «ከፍተኛ አመራር» የነበረው ሰውዬ፣ ሲታሰር «ግለሰቡ» ይሆናል። ወይም «የቀድሞ» ትጨመርለታለች፤ እስከ ትናንት ማታ ወንበሩ ላይ ነበር እኮ!

እኔ አድልዎ ነው ከማለቴ በፊት የማየው ይህንን ነው፦ ያው ጣቢያ፣ ተመሳሳይ ጥፋት፣ የተለያየ ወገን፤ ፓርቲው ርዕሱ ላይ ነው ወይስ ታች? ተቀናቃኝ በሌለበት ወረዳ ደግሞ የዚያኑ ሰው የምረቃ ዜናና የእስር ዜና ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ማዕረጉ የቱ ጋ እንደጠፋ እፈልጋለሁ።