ዴስክቶፕ ኢንቫይሮንመንት ምንድን ነው? ለእኛ ላፕቶፕስ የትኛው ይሻላል?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ «በዊንዶውሱ ፈንታ ሊኑክስ ልጫን ወይ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጎንደር ውስጥ የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። የያዙት ያገለገለ፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ነው። «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዴስክቶፑን እንምረጥ እላለሁ፤ ቀን ከሌት የምታዩት እሱን ነውና።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ከርነል ነው። ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፣ በዓይን አይታይም። ሜኑው፣ ከላይ ወይም ከታች የተዘረጋው ባር፣ መስኮቶቹ፣ ፎልደር የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ የዋይፋይና የድምፅ ምልክቱ፣ ሴቲንጉ ሁሉ አንድ ላይ ተሰናድተው ሲመጡ ዴስክቶፕ ኢንቫይሮንመንት ይባላሉ። ዊንዶውስ ላይ ይሄ ከሲስተሙ አይነጠልም። ሊኑክስ ላይ ግን አንዱን አውጥቶ ሌላውን መጫን፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማኖር ይቻላል።

ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሁለተኛ ዴስክቶፕ ጫኑና ከአካውንታችሁ ውጡ። ስማችሁን ስትነኩ የይለፍ ቃል መጻፊያው ይመጣል፤ በስተቀኝ ከታች ትንሽ የማርሽ ምልክት አለች። እሷን ስትጫኑ ያሉት ዴስክቶፖች ይዘረዘራሉ። አንዱን መርጣችሁ ግቡ። ፋይሎቻችሁ ንቅንቅ አይሉም። ባይስማማችሁም ዕዳው ገብስ ነው፤ ወጥታችሁ በድሮው መግባት ነው።

ከዴስክቶፖቹ መካከል ኬዲኢ እና ኤክስኤፍሲኢ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመሩ፣ ጂኖም በ1997። ጂኖም በ2011 መልኩን ከሥር ሲቀይር ያልወደዱት ሰዎች የራሳቸውን መንገድ ያዙ። ሲናመን እና ማቴ የመጡት ከዚያ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ለጀማሪ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋባይት ራም ካለው ደስ ያላችሁን ምረጡ። የዊንዶውስ ልማድ ያለበት ሰው ሲናመንን ወይም ኬዲኢን ቶሎ ይለምዳል። 4 ጊጋባይት ከሆነ ግን ኤክስኤፍሲኢ በሉ። ገና ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ጊጋባይት በታች ይይዛል፤ ጂኖም ከዚያ ያልፋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አይጡ ሳይቀር ይንቀረፈፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ብሮውዘሩ የሚበላው ራም በየትኛውም ዴስክቶፕ ያው ነው። ሃያ ታብ ከፍቶ ዴስክቶፑን መውቀስ አያዋጣም።

ብዙዎች የሚረሱት የአማርኛ መጻፊያውን ነው። ለእኔ ከመልክ በፊት የሚመጣው ይሄ ነው። አይባስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኤም17ኤን የተባለው ጥቅል ሲጨመርበት በእንግሊዝኛ ፊደል እየነካችሁ በግዕዝ ፊደል ይጽፍላችኋል። ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር ብላችሁ ስትነኩ «ጎንደር» ብሎ ቁጭ ይላል። ጂኖም አይባስን ከራሱ ጋር ስላያያዘው ጥቅሉን ከጫናችሁ በኋላ ከኪቦርድ ሴቲንግ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። ኤክስኤፍሲኢ ላይ አይባስን ራሳችሁ ማስነሳት ሊኖርባችሁ ይችላል። ሊኑክስ ሚንት በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ለዚሁ «ኢንፑት ሜተድ» የሚባል መሣሪያ ስላለ ሥራው ይቀላል። ስለዚህ ለ4 ጊጋባይት ላፕቶፕ የእኔ ምርጫ ሚንት ከነኤክስኤፍሲኢው ነው።

ሌላው ዳታ ነው። የኡቡንቱ 24.04 ቅጂ መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ኤክስኤፍሲኢ ያለው ሚንት 3 አይሞላም። በሞባይል ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ያወረደ ጓደኛ ካላችሁ በፍላሽ ተቀበሉት።

ከመጫናችሁ በፊት በፋይሉ ማስነሻ ፍላሽ አዘጋጁና ከእሱ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ዊንዶውሱን ሳይነካ ይሠራል፣ ከፍላሽ ስለሚነሳ ግን ትንሽ ይዘገያል። ዋይፋዩ መያዙን፣ ድምፁ መውጣቱን፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት መንቃቱን እዩ። ከዚያ ብሮውዘሩን ክፈቱና ሁልጊዜ የምትከፍቷቸውን ገጾች ያህል ክፈቱበት።