ቡታጋዙ ላይ የገነፈለው ሽሮና የኒውክለስ ሞመንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ በክረምት ማታ ከምድጃ የሚርቅ ሰው የለም። በቀደም ሽሮው ገንፍሎ ቡታጋዙ ላይ ፈሰሰና ሰማያዊው ነበልባል ባንዴ ቢጫ ሆነ። «ጨው ነው፣ ሶዲየም» አልኩ። ፊዚክስ የሚማረው የእህቴ ልጅ ቀበል አድርጎ «ጋሼ፣ ሁለቱ ቢጫ መስመሮች ሃይፐርፋይን ናቸው አይደል?» አለኝ። አይደሉም። መስመር የምንለው የሶዲየም ብርሃን ተበትኖ ሲታይ የሚወጣውን ቀጭን የቀለም መስመር ነው፤ ሃይፐርፋይን የሚባለው ደግሞ ኒውክለሱ፣ ማለትም የአቶሙ እምብርት፣ በማግኔትነቱና በቅርጹ መስመሩን በጥቂቱ ሲሰነጥቀው ነው። ግን ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

«ሁለቱ የሶዲየም መስመሮች ሃይፐርፋይን ናቸው»

589.0 እና 589.6 ናኖሜትር ላይ ያሉትን መስመሮች የለያቸው የኤሌክትሮኑ ስፒን (ውስጣዊ ሽክርክሪቱ እንበለው) ከራሱ ምህዋር ጋር ያለው መስተጋብር ነው። ኒውክለሱ እጁ የለበትም። የእሱ እጅ የሚታየው እያንዳንዱ መስመር ዳግም ሲሰነጠቅ ነው፤ 0.002 ናኖሜትር ገደማ። ከመጀመሪያው ልዩነት 300 ጊዜ ያህል ያንሳል፣ ተራ ፕሪዝም አያሳየውም።

«ስንጥቁ ከተለካ ሞመንቱ ታወቀ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አንድ ሰው ከገበያ ገብስ ገዝቶ መጥቶ ያወጣውን ብር ብቻ ቢነግራችሁ፣ ስንት ኪሎ እንደገዛ አታውቁም። የኪሎው ዋጋ ያስፈልጋችኋል። የሚለካው ስንጥቅም እንደ ጠቅላላ ሂሳቡ ነው፦ የኒውክለሱ ማግኔታዊ ሞመንት (የማግኔትነቱ ጥንካሬ)፣ ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለሱ ላይ በሚፈጥሩት መስክ ተባዝቶ። መስኩ ይሰላል፤ ያኔ ሞመንቱ ይወጣል። የኒውክለሱን ቅርጽ የሚነግረን ኳድሩፖል ሞመንትም እንዲሁ ነው፤ እንደ እንቁላል የረዘመ ነው ወይስ እንደ ድፎ ዳቦ ጠፍጣፋ? እዚህ የሚሰላው የኤሌክትሪክ መስኩ ኒውክለሱ ጋ ከቦታ ቦታ በምን ያህል እንደሚለዋወጥ ነው።

አንድ አቋራጭ አለ። የአንድ ንጥረ ነገር ሁለት አይሶቶፖች (በኒውትሮን ብዛት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶቹ) ኤሌክትሮኖቻቸው የሚፈጥሩት መስክ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። የአንደኛው ሞመንት ከታወቀ የሌላው በንጽጽር ይገኛል።

«ሁሉም ኒውክለስ ስንጥቅ ያሳያል»

የኒውክለሱ ስፒን ዜሮ ከሆነ፣ እንደ ካርቦን 12፣ ምንም የለም። ለኳድሩፖል ደግሞ ስፒኑ ቢያንስ 1 መሆን አለበት።

«ስሌቱ ከልኬቱ ካልገጠመ ጥፋቱ የስሌቱ ነው»

ለስሌቱ ፍርሃት አለኝ፣ አልደብቅም። ቢስመዝ 83 ኤሌክትሮን አለው፤ ሁሉም ይገፋፋሉ፣ ኒውክለሱ አጠገብ ደግሞ ፍጥነታቸው ያለ አንጻራዊነት ቲዮሪ አይሰላም። ስለዚህ ጀርመን ውስጥ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖቹን ገፈው አንድ ወይም ሦስት ብቻ አስቀሩለት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስንጥቁ ልኬት ከቲዮሪው በጣም ራቀ። ብዙ ሰው ቲዮሪውን ጠረጠረ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጣራ ግን ጥፋተኛው በሰንጠረዥ ላይ ለዓመታት የተቀመጠው የቢስመዝ ማግኔታዊ ሞመንት ሆኖ ተገኘ። ድሮ ሲለካ ቢስመዙ በኬሚካል ውህድ ውስጥ ነበር፤ በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ምን ያህል እንደሚከልሉት በትክክል አልታረመም። ቁጥሩ፣ የኒውክለስ ሞመንት በሚለካበት በኒውክለር ማግኔቶን፣ ከ4.111 ወደ 4.092 ገደማ ወረደ፣ ልዩነቱም ጠፋ።