ሽልንጉ ላይ ያለው 1652 የታተመበት ዓመት ነው?

ማሳቹሴትስ በአሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ጊዜ በተሠሩት ጥንታዊ የብር ሽልንጎቿ ላይ የሚታየው 1652 (እ.ኤ.አ.) አሁንም ብዙ ሰው እያምታታ ስለሆነ ላስረዳ። ይህ ቅኝ ግዛቷ በቦስተን ገንዘብ ማተሚያ እንዲቋቋም የፈቀደችበት ዓመት ነው። አታሚው ጆን ሀል እስከ 1682 ገደማ በተሠሩትም ላይ ቁጥሩን አልቀየረም። ለምሳሌ የጥድ ዛፍ ያለበት ሽልንግ 1652 ይላል፤ የታተመው ግን ከ1667 ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን ከቁጥሩ ሳይሆን ከዛፉ ገምቱ፦ መጀመሪያ አኻያ፣ ቀጥሎ ኦክ፣ በመጨረሻ ጥድ። (ከዚህ ያፈነገጠችው 1662 የሚል የተጻፈባት፣ የኦክ ዛፍ ያለባት ባለ ሁለት ፔኒ ናት።)

ቁጥሩ ለምን ሳይቀየር ቀረ? እዚህ ላይ ሐሳቡ ይለያያል። በ1652 እንግሊዝ ንጉሥ ስላልነበራት፣ ሽልንጎቹ ሁሉ ያኔ የተሠሩ መስለው በኋላ የመጣው ንጉሥ እንዳይቆጣ ነው የሚሉ አሉ። ለጨዋታ ይጥማል፤ እኔ ግን የፈቃዱን ዓመት ዝም ብለው አስቀጥለውት ነው ባይ ነኝ።