«ምት» ምንድን ነው? አዳኞች 45-70 የሚባለውን ጠመንጃ ለምን ይተዉታል?

ሰሞኑን አንድ ሰው በሙሉ መተማመን ሲያስረዳ ሰማሁ። «45-70 ትልቅ ካሊበር ነው። ትልቅ ካሊበር ምቱ ኃይለኛ ነው። ትከሻው ያልቻለ ይተወዋል፣ የቻለ ይለምደዋል።» ይህን ስሰማ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። እኔ የምተዳደረው ኮሎራዶ ውስጥ ጠመንጃ በመጠገን ነው። በየዓመቱ የአደን ወቅት ሲያልፍ ሰዎች ገና ያልተነካ የሚመስል ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው «ትከሻዬ አልቻለውም» ይላሉ። የሚያሳፍር ነገር እንደሠራ ሰው ነው የሚያወሩት። ስለዚህ ይህች «ምት» የምትባል ቃል ምን ማለት እንደሆነች በደንብ ልናገር።

ጠመንጃው አሜሪካኖች «ሌቨር አክሽን» የሚሉት ነው። በካውቦይ ፊልም ያያችሁት፣ ምላጩ ሥር ያለው እጀታ ወደታች ተገፍቶ ሲመለስ ቀለሁን ተፍቶ ሌላ ጥይት የሚጎርሰው። 45-70 ደግሞ የጥይቱ ስም ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 ነው ያወጣው። 45 የስፋቱ ቁጥር ነው፣ በኢንች መቶኛ። 70 የጥቁር ባሩዱ ክብደት ነው፣ ግሬን በሚባል ትንሽ የክብደት መለኪያ። በሚሊሜትር ካሰብነው አረሩ 11.6 ገደማ ይሰፋል። አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት የፈረንሳዩ የ1874 «ግራ» የተባለ ጠመንጃም 11 ሚሊሜትር ነበር። የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ጠመንጃ ሠሪዎቹ ማርሊን በ1881፣ ዊንቸስተር በ1886 ይህን ጥይት የሚጎርስ ሌቨር አክሽን ሠሩ። ዛሬ በብዛት እጄ ላይ የሚገባው ማርሊን 1895 ነው።

አሁን ወደ ምቱ። ባሩዱ ሲነድ አረሩንና ጋዙን ወደፊት ይገፋል። ጠመንጃው በዚያው ልክ ወደኋላ ይገፋል። ምት ይኼ ነው። መጠኑን የሚወስኑት የአረሩ ክብደት፣ የአረሩ ፍጥነት፣ የባሩዱ ክብደትና የጠመንጃው ክብደት ናቸው። ልብ በሉ፣ የአፈ ሙዙ ስፋት እዚህ ውስጥ የለም። ካሊበር ማለት ስፋት ነው። ስፋት ትከሻ አይመታም።

በቁጥር ላሳያችሁ። 3.2 ኪሎ የሚመዝን 45-70 ጠመንጃ እንያዝ። በጥንቱ ልክ የተሠራ ጥይት፣ 26 ግራም አረር በሴኮንድ 400 ሜትር የሚያስወጣ፣ ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው 30 ጁል ገደማ ነው። 3 ኪሎ ዕቃ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንት ሰው አጋዘን የሚያድንበት 30-06፣ አረሩ በጣም ጠባብ የሆነው፣ በ3.6 ኪሎ ጠመንጃ ከዚህ ብዙም አያንስም። ወደ 27 ጁል ይደርሳል። አሁን እዚያው 45-70 ውስጥ የዘመኑን ኃይለኛ ጥይት እናጉርስ። አረሩ 28 ግራም፣ ፍጥነቱ 580 ሜትር በሴኮንድ። ምቱ ከ60 ጁል ይበልጣል። ጠመንጃው ያው ነው፣ ካሊበሩም ያው ነው፣ ምቱ ግን እጥፍ ሆነ። አዲስ ገዢ ደግሞ ከመደርደሪያው ላይ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ይህን ለአላስካ ድብ የተሰናዳውን ነው።

ጦሩ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ለእግረኛው 70 ግሬን ባሩድ ሲሰጥ፣ አጭርና ቀላል ጠመንጃ ለያዘው ፈረሰኛ 55 ግሬን ብቻ ያለው ጥይት ነበር የሚያድለው። ምቱ በዝቶበት። የዚያ ዘመን ፈረሰኛ ትከሻ አልነበረውም የሚለኝ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

እስቲ አንድ ጊዜ ሚኒባስ ላይ እንሳፈር። ሹፌሩ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ሲይዝ ሰውነታችሁ ዘንበል ብሎ ይመለሳል። በድንገት ሲረግጠው ከፊት ወንበር ጋር ትላተማላችሁ። መኪናው ያው፣ ፍጥነቱም ያው። የተለየው የፈጀው ጊዜ ነው። ምትም እንዲህ ነው። ከባድ አረር ዝግ ብሎ ሲወጣ ትከሻን ይገፋል። ያው አረር ተወርውሮ ሲወጣ በጥፊ ይመታል። የጠመንጃው ክብደት እንደ መኪናው ክብደት ነው፤ ከባድ ነገር በቀላሉ አይናጥም። ሰደፉ ጫፍ ላይ የምንለጥፈው ጎማ ደግሞ የወንበሩ ስፖንጅ ነው።

በዚያ ሹፌር ሦስት ቀን የተሳፈረ ሰው በአራተኛው ቀን ምን ያደርጋል? ገና መብራቱ ቢጫ ሲሆን ብረቱን ጨምድዶ ይይዛል። ዓይኑን ይጨፍናል። ሹፌሩ እኮ ፍሬኑን ገና አልነካም። ሰውነቱ ግን ተምሯል። «አይዞህ፣ አትፍራ» ብትሉት አይሰማችሁም። ጡንቻም አያድነውም። ጡንቻ ያለው እንዲያውም ብረቱን አጥብቆ ነው የሚይዘው።

እኔ ይህንን መበርገግ እለዋለሁ። ምትና መበርገግ ሁለት ነገር ናቸው። ምት የጠመንጃው ሥራ ነው፣ መበርገግ የሰውየው። አረሩ ከአፈ ሙዙ ሲወጣ ጠመንጃው ወደኋላ የሄደው ገና ግማሽ ሴንቲሜትር አይሞላም። ትከሻችሁን የሚያገኛችሁ ዋናው ምት ሲመጣ አረሩ መንገድ ጀምሯል። ዒላማ የሚያስተው ከዚያ በፊት ሰውየው ያደረገው ነገር ነው። (ጥይት ስትቀይሩ አረሩ የሚያርፍበት ከፍታ ይለወጣል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በእያንዳንዱ ጥይት ማነጣጠሪያችሁን እንደገና አስተካክሉ።)

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ማርሊናቸውን ሊሸጡልኝ መጡ። «ትከሻዬ አርጅቷል መሰለኝ፣ ልጄ» አሉኝ። የጥይት ሣጥኑን ከፈትኩት። ከ20ው 13ቱ ያሉበት ናቸው። ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የተኮሱት! የ45-70 ጥይት ዋጋ 30-30 ከሚባለው የተለመደ የአጋዘን ጥይት ስለሚበልጥ ሰው ይሰስተዋል። ስለዚህ አይለማመድም። «ጋሼ፣ ከመሸጥዎ በፊት አንዴ ተኩስ ሜዳ እንሂድ» አልኳቸው።

እዚያ እያጎረስኩ የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ። እውነተኛ ጥይት ይሁን ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት አያዩም። ሁለተኛው ላይ ባዶውን አደረግኩት። ምላጩን ሲስቡ «ቀጭ» ብቻ አለ። አፈ ሙዙ ግን አራት ጣት ያህል ወደታች ተደፋ። ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ግራ እጃቸው እንጨቱን አንቆታል። ምት በሌለበት! ጋሼ ጠመንጃውን ዝቅ አድርገው ዝም ብለው አዩት። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ በቀስታ።

ሰደፉን ለካሁት። ለክንዳቸው ረዝሞ አገኘሁት። አሳጠርኩት፣ ለስላሳ ጎማ ለጠፍኩበት። ቀላሉን ጥይት ሰጠኋቸው። ጆሯቸውን በሁለት ሸፈንን፣ ውስጥ መድፈኛ ከላይ ደግሞ ማፈኛ። ድምፁ ራሱ ያስበረግጋልና። ማርሊን በ1998 ያወጣው አጭሩ ሞዴል አፈ ሙዙ ላይ ጋዝ ማስወጫ ቀዳዳዎች ነበሩት። ምቱን ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ጩኸቱን ግን ያብሳሉ። ሰው ይህን አያስብም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1873 ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ የዘመኑን ኃይለኛ ጥይት አታጉርሱ። ስፋቱ ልክ ስለሆነ ይገባል፤ ብረቱ ግን ለዚያ ግፊት አልተሠራም። ሌላው፣ የእነዚህ ጠመንጃዎች ካዝና ቱቦ ነው። ጥይቶቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ፣ ያንዱ አፍንጫ የፊተኛውን ማቀጣጠያ ይነካል። ስለዚህ ጠንካራ ሹል አረር አይገባበትም። አፍንጫው ጠፍጣፋ ወይም ለስላሳ መሆን አለበት።

ጋሼ በሦስተኛው ቅዳሜ ባዶውን ጥይት ሲስቡ አፈ ሙዙ ንቅንቅ አላለም። ሦስት ጥይት በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) አንድ መዳፍ ውስጥ ከተቱ።

ከዚያ የት እንደሚያድኑ ጠየቅኳቸው። ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ አጋዘን ነው አሉኝ። እንስሳው ስንት ያርድ ላይ እንደሚቆምላቸው ስጠይቅ «ከ200 በታች ቆሞልኝ አያውቅም» አሉ። ያ ቀላል ጥይት 100 ያርድ ላይ ተስተካክሎ 200 ላይ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። ለጫካ የተመቸ ጠመንጃ ነው፣ ለእሳቸው ሜዳ አይሆንም። ጠመንጃውን ገዛኋቸው። ሲወጡ ግን ስለ ትከሻቸው አላነሡም።