የኦርክኒ ደሴቶች ጥንታዊ የእርሻ መንደሮች ዕድሜ አወሳሰን

ኦርክኒ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ማዶ የሚገኙ 70 ያህል ደሴቶች ናቸው። ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝባቸው የአዲሱ ድንጋይ ዘመን ገበሬዎች ከቤታቸው አልፈው መኝታቸውንና መደርደሪያቸውን ጭምር በጠፍጣፋ ድንጋይ ሠርተዋል፤ ግድግዳቸው ዛሬም ቆሟል። ድንጋዩ መቼ እንደተካበ ስለማያሳይ ዕድሜያቸው የሚለካው ከቆሻሻ ክምራቸው በሚወጣ እህል፣ አጥንትና ከሰል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ አንዱ የሆነውን የስካራ ብሬን መንደር በ1850 የብርድ ወራት ማዕበል ከአሸዋ ሥር ገለጠው። ከ1928 እስከ 1930 የቆፈረው አርኪዮሎጂስት ጎርደን ቻይልድ የብረት ዘመን መንደር ነው ብሎ ነበር፤ ሌላው አርኪዮሎጂስት ስቱዋርት ፒጎት በ1936 የሸክላውን ጌጥ አመሳክሮ ወደ አዲሱ ድንጋይ ዘመን መለሰው። በ1972 እና 1973 የተሰበሰቡት ናሙናዎች በራዲዮካርቦን (ሕያው ነገር ከሞተ በኋላ በታወቀ ፍጥነት እየቀነሰ በሚሄድ የካርቦን ዓይነት) ሲለኩ ፒጎት ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ። በብዛት የሚጠቀሰው ዕድሜ ከ3180 እስከ 2500 ዓ.ዓ. ነው፤ መነሻው ግን ወደ ኋለኛ ዘመን ሊጠጋ ይችላል። በፓፓ ዌስትሬ ደሴት ያለው ናፕ ኦፍ ሃዋር የተባለው የእርሻ መኖሪያ ከ3700 ዓ.ዓ. ገደማ ይጀምራል።

ምርጡ ናሙና አንድ የከሰለ የገብስ ፍሬ ነው፤ የአንድ ዓመት አዝመራ ነውና። መጀመሪያ በአሲድ ኖራው፣ ቀጥሎ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአፈር የሰረገው ብስባሽ ይወጣለታል፤ ሁለተኛው ዕጥበት ከአየር የሚስበውን ካርቦን ለማስወገድ እንደገና በአሲድ ይታጠባል። ከዚያ ተቃጥሎ ጋዙ ግራፋይት ወደሚባል ጠጣር ካርቦን ይለወጣል። ለልኬቱ አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ካርቦን ይበቃል።

ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከናሙና አመራረጥ ነው። ከሰሉ ከሰሜን አሜሪካ በባሕር ተንሳፍፎ ከመጣ ግንድ ከሆነ የሚለካው ዛፉ ያደገበት ዘመን ነው። ዓሣና ቀንድ አውጣ በባሕሩ አሮጌ ካርቦን ሳቢያ 400 ዓመት ያህል ያረጁ ይመስላሉ፤ የበግ አጥንትም አያስተማምንም፣ ከደሴቶቹ በጎች የባሕር አረም የሚበሉ አሉና። ስለዚህ ከባሕር የመጣ ምግብ መኖሩን የሚጠቁመው የካርቦን 13 (የማይፈርስ የካርቦን ዓይነት) መጠን አብሮ ይታያል። በስካራ ብሬ ደግሞ ቤቶቹ የቆሙት በቆየ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ስለሆነ ከግድግዳ ጀርባ የተወሰደ አጥንት ከቤቱ ሊቀድም ይችላል። ጅማታቸው ሳይበሰብስ የተጣሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚገጥሙ አጥንቶች የተሻሉ ናቸው።

የራዲዮካርቦን ዕድሜ ከ1950 ወደ ኋላ ይቆጠራል። 4500 የሚል ውጤት ላይ 1950ን ቀንሶ 2550 ዓ.ዓ. ማለት ግን ስህተት ነው፤ ዓመታቸው በትክክል በሚታወቅ የዛፍ ቀለበቶች ልኬት ሲስተካከል ከ3340 እስከ 3100 ዓ.ዓ. ድረስ ይዘረጋል፣ የማስተካከያው መስመር በዚያ ዘመን ጠፍጣፋ ነውና። ይህን ስፋት የሚያጠብበው የአፈር ንብርብሮቹን ቅደም ተከተል ከልኬቶቹ ጋር የሚያዋህደው የቤይዝ ስሌት የሚባለው የዕድል (ፕሮባቢሊቲ) ስሌት ነው።