የኮሌታ ስታርች ማሽን ምንድን ነው?

ሸሚዝ በእጁ ያጠበ ሰው ማንም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሸሚዝ እኩል አይቆሽሽም። ጀርባው ገና ንጹሕ ሳለ ኮሌታው በላብና በአቧራ የጠቆረ መስመር ይይዛል። የእጅጌው ጫፍም ጠረጴዛና ወረቀት ሲጠርግ ይውላል። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ለማስለቀቅ ሲባል ሙሉው ሸሚዝ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ቀስ በቀስም ይሳሳል። እዚህ የምናየው ማሽን የመጣው ከዚህ ጣጣ ነው።

የኮሌታ ስታርች ማሽን ከሸሚዝ ተነጥለው የሚታጠቡ ኮሌታዎችንና የእጅጌ ጫፎችን ትኩስ የስታርች (ከእህልና ከድንች የሚገኝ ልብስ ማጠንከሪያ) ሙቅ የሚያጠጣ የላውንደሪ መሣሪያ ነው። ሙቁን እያሸ እስከ ውስጠኛው የጨርቅ ንብርብር ያስገባዋል፤ ከዚያም በገጹ ላይ የቀረውን ይጠርጋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ኮሌታ የሚያጠነክር ማሽን ነው» ይላል። ነገር ግን ኮሌታውን እንደ ሰሌዳ ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ስታርቹ ራሱ ነው፤ ያንን ማንም ቤት ውስጥ በአንድ ድስት ሙቅ ሊያደርገው ይችላል። የማሽኑ ሥራ ማስገባትና መጥረግ ነው። አስቸጋሪው፣ ገንዘብ የሚያስወጣውና በኋላም ሰዎችን ያጣላው ይኸው ነበር።

ኮሌታ ከሸሚዙ ለምን ተነጠለ? ታሪኩ የሚወስደን በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ወዳለችው ትሮይ ከተማ ነው። በከተማይቱ እንደሚተረከው፣ በ1827 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐና ሎርድ ሞንታግ የተባለች የቤት እመቤት የባሏን ሸሚዝ በየቀኑ ማጠብ ቢሰለቻት ኮሌታውን በመቀስ ቆርጣ ለብቻው አጠበችው፤ ከዚያም በማሰሪያ መልሳ ከሸሚዙ ጋር አያያዘችው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤቤኔዘር ብራውን የተባለ ጡረተኛ የሜቶዲስት ሰባኪ፣ በከተማዋ ሱቅ የነበረው፣ እንዲህ ያሉ ኮሌታዎችን እያሰፋ መሸጥ ጀመረ። ንግዱ ሰፋ፣ ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ላውንደሪ ፈለጉ። አዲስ ኮሌታ ሳይታጠብ፣ ስታርች ሳይጠጣና ሳይተኮስ ለገበያ አይቀርብም ነበርና። በዚህ ምክንያት የትሮይ ላውንደሪዎች የሰው የቆሸሸ ልብስ ብቻ የሚቀበሉ ቤቶች አልነበሩም፤ የፋብሪካው የመጨረሻ ክፍል ነበሩ ማለት ይቻላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት አሥር ኮሌታዎች ዘጠኙ ያህል ከዚህች ከተማ ይወጡ ስለነበር ትሮይ እስከ ዛሬ «የኮሌታ ከተማ» ትባላለች።

ስለ ስታርቹ ትንሽ ልቆይ፤ ማሽኑ ያለ እርሱ አይገባንም። ስታርች በቆሎ፣ ስንዴ፣ ድንችና ሩዝ በጥቃቅን ቅንጣት መልክ የሚያከማቹት ስንቅ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ቢበጠበጥ አይሟሟም፤ ውኃውን ያደፈርሰውና ጥቂት ቆይቶ ከታች ይዘቅጣል። የበቆሎ ስታርች ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወዳለው ሙቀት ሲደርስ ግን ቅንጣቶቹ ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ ነጩ ድፍርስ ወፍሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ሙቅ ያማሰለ ሁሉ ይህችን ቅጽበት ያውቃታል፤ ማማሰያው በድንገት እጅ ላይ የሚከብድባት ናት። አብሲት ስንጥልም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን አፍልተን መልሰን የምንቀላቅለው፣ የበሰለው ስታርች ሊጡን እንዲያያይዘው ብለን ነው።

ጨርቅ ላይም እንዲሁ ያያይዛል። ጥጥና ሊነን (የተልባ ጨርቅ) የተሠሩበት ሴሉሎስም ሆነ ስታርች ሁለቱም ግሉኮስ የተባለው ስኳር ሰንሰለት ስለሆኑ ዘመዳሞች ናቸው። የበሰለው ስታርች በክሮቹ መካከል ገብቶ ሲደርቅ ይጣበቃቸዋል፤ እንደ ስስ ቀንድ ይጠነክራል። መልሶ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ይለቃል። ይህ መልቀቁ ጉድለት ይመስላል እንጂ ትልቅ በረከት ነበር። እድፉ ከክሩ ጋር ሳይሆን ከስታርቹ ጋር ስለሚጣበቅ በሚቀጥለው እጥበት ሁለቱ አብረው ይወጣሉ።

ችግሩ ኮሌታ አንድ እራፊ ጨርቅ አለመሆኑ ነው። ሦስት ወይም አራት ንብርብር ሆኖ የተሰፋ ነው። ወፍራም ሙቅ ከውጭ ይቀባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ቀጭን ሙቅ ይገባል፣ ነገር ግን ሲደርቅ ኮሌታውን ለማቆም አቅም የለውም። ላውንደሪዎቹ በኋላ ያገኙት መፍትሔ ስታርቹን በአሲድ አዘጋጅቶ ሰንሰለቱን ማሳጠር ነበር፤ ያኔ ብዙ ስታርች ያለበት ፈሳሽ እንኳ ሲፈላ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። በላዩ ላይ ለማንጸባረቅ ቦራክስ የተባለ ማዕድን፣ ካውያው እንዳይዘው ጥቂት ሰም ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሙቁ በራሱ አይገባም። የሚያስገባው እሽታ ነው።

በእጅ ሲሠራ የነበረውን ብናይ ማሽኑ ምን እንደሚኮርጅ ይገባናል። ሴቲቱ ኮሌታውን ከትኩሱ ሙቅ ነክራ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለች፣ በመዳፏና በጣቶቿ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋች ታሸዋለች። በንብርብሮቹ መካከል አየር እንዳይቀር በጣቷ ትዳስሳለች። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ገጹን ትጠርጋለች። ይህ መጥረግ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን የሙያው ልብ እርሱ ነው እላለሁ። ጥቂት ሙቅ ገጹ ላይ ከቀረ ካውያው ይይዘዋል፣ ቡናማ ሆኖ ያርራል። አብዝታ ከጠረገች ደግሞ ከውስጥ ያስገባችውን መልሳ ትስበዋለች። ሙቁ ያልደረሰበት ቦታ ካለ ንብርብሮቹ እዚያ ላይ ስለማይጣበቁ፣ ካውያው ሲያልፍበት ጨርቁ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያብጣል። ያበጠ ኮሌታ አይሸጥም፤ ተመልሶ ይታጠባል። ሥራው የሚከፈለው በደርዘን ስለነበር የተበላሸው ኮሌታ የሴቲቱን ኪስ ይነካል።

ማሽኑ ይህንን የእጅ እንቅስቃሴ ለብረት፣ ለጨርቅና ለእንፋሎት አከፋፈለው። ከታች በእንፋሎት የሚሞቅ የስታርች ገንዳ አለ። ኮሌታዎቹ በጠፍጣፋው እየተደረደሩ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ይገባሉ፣ ሙቁ ይደርሳቸዋል፣ ከዚያም በሮለሮች መካከል ወይም ወዲያና ወዲህ በሚመላለሱ ማሻ ሰሌዳዎች ሥር ያልፋሉ። የመዳፍን ሥራ የያዙት እነዚህ ናቸው። ቀጥሎ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው መጥረጊያዎች ትርፉን ከገጹ ላይ ያነሡና ወደ ገንዳው ይመልሱታል። የእጅጌ ጫፎችም በዚሁ ያልፋሉ፤ ሰፋ ያሉ በመሆናቸው ብዙ ሙቅ ይጠጣሉ እንጂ አሠራሩ አይለይም።

ከዚህ በኋላ ያለው የሌሎች ማሽኖች ተራ ነው። ኮሌታው በሞቀ ክፍል ውስጥ ድርቅ እስኪል ይሰቀላል፣ ከዚያ በልኩ መልሶ ይረጥባል፣ ቀጥሎ በጋለና በተወለወለ ሮለር ይተኮሳል። ጌቶች የሚኮሩበት እንደ ሸክላ የሚያብለጨልጭ ገጽ የሚወጣው ከሮለሩ ፍተጋ ነው። የሚታጠፍ ኮሌታ ከሆነ እጥፉ ብቻ ለይቶ ይረጥባል፤ በደረቁ ቢታጠፍ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰነጠቃል። ሌላው ቀርቶ የኮሌታውን ጠርዝ የሚያለሰልስ ራሱን የቻለ ማሽን ነበረ፤ ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ጠርዝ እንደ መጋዝ ሆኖ አንገት ይልጥ ነበርና። አንዲት ጨርቅ ስንት ብረት እንዳሠማራች ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ጠቡ። የመጀመሪያዎቹ የስታርች ማሽኖች ወደ ትሮይ የገቡት በ1860ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ሥራውን አፈጠኑት፤ የሠራተኞቹን እጅ ግን ከትኩሱ አላወጡትም። በፈላ ሙቅ የራሰውን ኮሌታ የሚያስገባውም የሚያወጣውም የሰው ጣት ነበር፣ በዚያ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከእንግዲህ ማሽኑ ሆነ። ሴቶቹ፣ አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ፣ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት በእንፋሎት በታጠነ ክፍል ውስጥ ቆመው ይሠሩ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ የሚደርሳቸው ጥቂት ዶላር ነው። በየካቲት 1864 ኬት ሙላኒ የተባለች ወጣት የላውንደሪ ሠራተኛ ባልደረቦቿን አስተባብራ የኮሌታ ላውንደሪ ማኅበርን መሠረተች፤ 300 ያህል ሴቶችም ሥራ አቆሙ። የላውንደሪ ባለቤቶቹ ከሳምንት በላይ አልቆዩም፤ የደመወዝ ጭማሪውን ተቀበሉ። በአሜሪካ ውስጥ ተመሥርተው ለዓመታት ከጸኑት የሴቶች የሠራተኛ ማኅበራት ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። በ1868 ሙላኒ በብሔራዊው የሠራተኞች ኅብረት ምክትል ጸሐፊ ሆና ተሾመች። በትሮይ የኖረችበት ቤት ዛሬ በአገር ደረጃ የተመዘገበ ታሪካዊ ሥፍራ ነው።

ማኅበሩ በ1869 ሌላ አድማ መትቶ ተሸነፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ለሽንፈቱ አንዱ ምክንያት ለእኔ ከሁሉም ያስገርማል፤ የወረቀት ኮሌታ። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣል፣ ማጠቢያም ስታርችም የማይፈልግ ኮሌታ በገበያ ላይ ነበረና ሴቶቹ እጃቸውን ሲያጥፉ ገዢው መሄጃ አላጣም።

ማሽኑ ሁለተኛ ጊዜ ያጣላቸው በ1905 ነው። በዚህ ጊዜ የተሻሻለ የስታርች ማሽን መጣ፤ በደርዘን የሚከፈለውም ዋጋ አብሮ ወረደ። ስታርች አጠጪዎቹ በትሮይ ከሚሠሩት ሴቶች ባለሙያ ከሚባሉት መካከል ስለነበሩ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ለዓመታት በጣታቸው የተማሩት፣ የት አየር እንደቀረና መቼ መጥረግ እንደሚበቃ የማወቅ ጥበብ፣ ድንገት ዋጋ አጣ። አድማው ወራትን አስቆጠረ። ማሽኑ ግን ከፋብሪካው አልወጣም።

ማሽኑን ያስወጣው የወንዶች አንገት ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ወጣቶች ለስላሳ ኮሌታ ለምደው ሲመለሱ ያን አንገት የሚያንቅ ሰሌዳ መልሰው ማሰር አልፈለጉም። በ1920ዎቹ ኮሌታው ወደ ሸሚዙ ተመለሰ፤ ሐና ሞንታግ የቆረጠችው ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ተሰፋ። የተሰፋ ኮሌታ ደግሞ አዲስ ራስ ምታት ይዞ መጣ። ለብቻው የሚታጠብ ኮሌታ ቢጠብ ሌላ ይገዛል፤ ከሸሚዙ ጋር የተሰፋው ቢጠብ ሙሉው ሸሚዝ አይታሰርም። በትሮይ ከነበሩት ትልልቅ የኮሌታ ፋብሪካዎች የአንዱ መሐንዲስ፣ ሳንፎርድ ክሉዊት፣ ጨርቅን ከመቆረጡ በፊት በማሽን እያስጠበበ እጥበት እንዳያስጠበው የሚያደርግ ዘዴ የፈለሰፈው በዚህ ዘመን ነው፤ የባለቤትነት መብትም አገኘበት። «ሳንፎራይዝድ» የሚለው ቃል ከስሙ የተወሰደ ነው።

የዛሬ ላውንደሪ ኮሌታን በገንዳ ሙቅ አያሽም። ስታርች የፈለገ ደንበኛ ካለ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ውስጥ ይጨመራል ወይም ሊተኮስ ሲል ይረጫል፤ ከዚያ ኮሌታውና ሁለቱ የእጅጌ ጫፎች በጋለ ብረት መካከል በአንድ ጊዜ ይጨመቃሉ። ይህን ያህል የቀለለው ኮሌታው አስቀድሞ ከፋብሪካው ቀጥ ብሎ ስለሚመጣ ነው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ሙጫ የተነጠበበት ስስ ጨርቅ ይገባና በሙቀትና በጫና ይጣበቃል፤ ይህ ሙጫ በውኃ አይለቅም። ሙጫው ርካሽ የሆነበት ሸሚዝ ግን ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ኮሌታው ላይ ትንንሽ እብጠት ያወጣል። ካውያ ቢያሳርፉበት ይተኛና ሲቀዘቅዝ ይነሣል። በትሮይ ሠራተኞቹ በጣታቸው ሲያሳድዱት የኖሩት ያው እብጠት ነው።